ኤልኒኖ ከሚኒሶታ በረዶ ሲነሳ ለመንዝ ምን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የብርድ ወራት በረዶው ተከምሮ መኪና ማውጣት ፈተና ሆኖበት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ‹ኤልኒኖ ስለሆነ በረዶ የለም፣ መሬቱ ባዶውን ነው› አለኝ። ኤልኒኖ እዚያ ብርዱን የሚያለዝብ ከሆነ እኛ ጋስ ውርጩን ይቀንሳል? አባቴ ገብስና ባቄላ ነው የሚዘራው። በልጉስ ምን ይሆናል? ደግሞ ይህን ያህል እየበረደን ለምንድን ነው እንደነሱ በረዶ የማይከመርብን?»

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ብዙ ነው የጠየቅሽው። ሁሉም ግን አንድ ቦታ ይገናኛል። ብርድና እርጥበት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ይገጥማሉ ወይስ ይተላለፋሉ? ሚኒሶታንም መንዝንም የምትረጂው በዚህ ነው።

ለሚቸኩል አንባቢ አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ ኤልኒኖ በሰሜን ሸዋ ደጋ የውርጭ ሌሊቶችን ሊቀንስ ይችላል። የአባትሽን ባቄላ ግን ከውርጭ ያድነዋል ማለት አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ጉዳቱን ያባብሰዋል። እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ወደ ወንድምሽ አገር እንሂድ።

ኤልኒኖ የሚባለው በመካከለኛውና በምሥራቃዊው ፓሲፊክ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ፣ የባህሩ ወለል ከመደበኛው በላይ ሲሞቅ ነው። ቢያንስ የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ ታይቶ ለወራት ሲዘልቅ ነው ስሙ የሚሰጠው። በየ2 እስከ 7 ዓመቱ ይመጣል። ጉልበቱ ብዙ ጊዜ በታኅሣሥ ግድም ጫፍ ይደርሳል። ላኒና ተቃራኒው ነው፤ ያው ባህር ከወትሮው ሲቀዘቅዝ። ግማሽ ዲግሪ ምን አላት እንዳትዪ። ያ ባህር እጅግ ሰፊ ነው። ሙቀቱ ቦታ ሲቀይር ነጎድጓዳማው ደመና አብሮት ቦታ ይቀይራል። ያን ጊዜ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልበው ኃይለኛ ነፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ መንገዱን ይስታል።

በኤልኒኖ ዓመት ይህ ነፋስ ሰሜን አሜሪካ ላይ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ዝናብና በረዶ ያዘለው የአየር ሥርዓት አብሮት በካሊፎርኒያና በደቡቡ ክፍል በኩል ያልፋል። ሰሜኑ ማለትም ዋሽንግተን ግዛት፣ ሞንታና፣ ሚኒሶታ፣ ምዕራብ ካናዳ ለስለስ ያለ አየር ያገኛል። ላኒና ሲሆን ደግሞ ሰሜኑ ይበርዳል፣ በሰሜን ምዕራቡ ተራሮች ላይ በረዶው ይበረክታል። በዋሽንግተን ግዛት ማውንት ቤከር የሚባል ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998/99፣ በላኒና ዓመት፣ እዚያ በአንድ የብርድ ወቅት 1,140 ኢንች በረዶ ወረደ። ወደ 29 ሜትር መሆኑ ነው። በአንድ ወቅት ከተለካው ሁሉ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ የተያዘው ይኸው ነው።

ወንድምሽ የነገረሽም ልክ ነው። 2022/23 ላኒና ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት የቆየበት ነበር። በሚኒያፖሊስ አካባቢ ወደ 229 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወረደ፤ በታሪካቸው ሦስተኛው ከባድ ወቅት። በቀጣዩ ዓመት ብርቱ ኤልኒኖ መጣ፣ የብርዱ ወራትም በመዝገባቸው ከሁሉ የሞቀው ሆነ። ዱሉት በምትባለው ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የረጅም ርቀት የውሻ ጋሪ ውድድር በ2024 በረዶ ጠፍቶ ተሰረዘ። እኛ አገር የፈረስ ጉግሥ ሜዳ ጠፍቶ እንደመቅረት ነው ነገሩ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። «ኤልኒኖ ከመጣ በረዶ የለም» የሚል ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. የ1982/83 ኤልኒኖ በዘመኑ ወደር ያልነበረው ነው። ያን ዓመት በሚኒያፖሊስ የወረደው በረዶ ግን 74 ኢንች ገደማ፣ ማለትም ወደ 190 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከመደበኛቸው በደንብ ይበልጣል። ምክንያቱም ኤልኒኖ አየሩን ሞቅ ማድረግ ቢችልም፣ አንድ ትልቅ ሥርዓት እርጥበት ይዞ ሲመጣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሆኖ ከጠበቀው በረዶ ነው የሚሆነው። ሚኒሶታ በጥር ከወትሮው በ3 ዲግሪ ብትሞቅም ከዜሮ በታች ናት። እንግዲህ ብርዱ ብዙ ጊዜ አለ፤ ጥያቄው እርጥበቱ መጣ ወይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መሬት ላይ የሚታየው የበረዶ ጥልቀትና ከሰማይ የወረደው መጠን አንድ አይደሉም። ትኩስ በረዶ አየር የበዛበት ነው። በግርድፉ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ቢቀልጥ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢወጣው ነው። በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል፣ ነፋስ ይጠርገዋል፣ አንድ ሞቃት ከሰዓት ያቀልጠዋል። ስለዚህ ጥልቀት የወረደው፣ የቀለጠውና የተጠቀጠቀው ሂሳብ ነው። በዚያ ላይ ትኩስ በረዶ ከፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላዩን መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል። በረዶው ካልተነጠፈ ጥቁሩ መሬት ያን ብርሃን ይጠጣና ይሞቃል፣ ቀጥሎ የሚወርደውም ቶሎ ይቀልጣል። አንዴ የጠፋ በረዶ መጥፋቱን ራሱ ያባብሳል።

ፓሲፊክም ብቻውን አይደለም። በአትላንቲክ በኩል፣ በአይስላንድ ዙሪያ ዝቅተኛ፣ በአዞርስ ደሴቶች ዙሪያ ከፍተኛ የአየር ግፊት አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ የምዕራቡ ነፋስ ይበረታና ሰሜን አውሮፓ እርጥብና ሞቃት የብርድ ወራት ያሳልፋል። ልዩነቱ ሲጠብ ከሰሜን ዋልታ የሚመጣው ብርድ መንገድ ያገኛል። የሰሜን አትላንቲክ ኦሲሌሽን ይሉታል። እ.ኤ.አ. የ2009/10 የብርድ ወራት ልዩነቱ ክፉኛ የጠበበበት ነበር። የዚያን ዓመት ኤልኒኖም ነበር። ኤልኒኖ ከደቡብ እርጥበቱን፣ አትላንቲክ ከሰሜን ብርዱን አመጡና ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ተገናኙ። ዲሲ ያለ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው፤ በየካቲት 2010 ከተማዋ ተዘግታ ነበር።

አሁን የምነግርሽን ያዢልኝ፤ መንዝ ስንደርስ ይጠቅመናል። አንድ ዓይነት የአየር ሥርዓት በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊያደርግ ይችላል። የሚለየው ከፍታ ነው። ኖርዌይን እዪ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያ የአትላንቲክ ነፋስ በርትቶ ነበር። አየሩ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። ታች ሸለቆ ውስጥ በረዶ መሆን የነበረበት ዝናብ ሆነ። ላይ ተራራው ላይ ግን፣ ሞቅ ብሎም ከዜሮ በታች ስለሆነ፣ ያ ሁሉ እርጥበት በረዶ ሆኖ ተከመረ። በምዕራብ ኖርዌይ ያሉ የበረዶ ግግሮች በዚያ ዘመን ወደ ፊት ተራመዱ። ዓለም እየሞቀች፣ እነሱ እየገፉ! ነገሩ የሚገባሽ እንዲህ ስታስቢው ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባለ ቦታ የበረዶውን ጥልቀት የሚወስነው ሙቀቱ ነው፤ ከዜሮ በታች በሰፊው በወረደ ቦታ ደግሞ እርጥበቱ።

ወደኛ እንምጣ። ለምን አይከመርብንም?

ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ናት። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ግሼ ያለው አቡዬ ሜዳ ከ4,000 ሜትር ትንሽ ያልፋል። በኛ የሰማይ ክፍል ግን ከዝናብ ጋር የሚመጣው አየር ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከ4,500 ሜትር በላይ፣ ብዙ ጊዜም ወደ 5,000 ሜትር ግድም ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት እዚያ ከፍታ ላይ የሚደርስ መሬት ሰሜን ሸዋ ውስጥ የለም። ራስ ደጀን እንኳ አልፎ አልፎ ነጭ ይለብሳል እንጂ አያቆየውም።

«ታዲያ ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች እንወርድ የለም ወይ?» ትዪኛለሽ። እንወርዳለን። ግን የምንወርደው ሰማዩ ጥርት ስላለ ነው። ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው፤ ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣ ይሸፍናታል። በበጋ ጋቢው ይገፈፋል። ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ ውርጭ ይወርዳል። ደመና ከመጣ ደግሞ ሌሊቱ ይሞቃል፣ የሚወርደውም ቀዝቃዛ ዝናብ ይሆናል። እኛ ጋ ብርዱ ሲመጣ እርጥበቱ የለም፤ እርጥበቱ ሲመጣ ብርዱ ይሸሻል። ሁሌ ይተላለፋሉ።

ፀሐይዋም ሌላ ናት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን መንዝ ላይ ከአድማስ ወደ 56 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ሚኒያፖሊስ ላይ 21 ዲግሪ ግድም ብቻ። ሌሊት የጋገረው አመዳይ በኛ አገር ከረፋዱ አያልፍም።

በየዓመቱ ፌስቡክ ላይ የሚዘዋወረው «ደብረ ብርሃን በረዶ ለበሰች» የሚለው ፎቶ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያ ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ ጠጠር በረዶ ነው። ሞቃት አየር በኃይል ወደ ላይ ሲወጣ ደመናው ውስጥ የሚሠራ ነው። በበልግና በክረምት የሚወርደውም ለዚህ ነው። ከወንድምሽ በረዶ ጋር ስም እንጂ አፈጣጠር አይጋሩም። ጥልቀቱን በእነሱ ዓይን መለካት ትርጉም የለውም፤ ገበሬው የሚለካው ባወደመው ማሳ ነው።

ስለዚህ በኛ ደጋ እነዚያ ትላልቅ የአየር ሥርዓቶች አሻራቸውን የሚተዉት በበረዶ ክምር ሳይሆን በሁለት ነገር ነው፤ በውርጭና በበልግ። ከውርጩ እንጀምር።

ወላጆቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ክረምቱ መስከረም ላይ ሲወጣ ደመናው ይገፈፋል። ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ከሣይቤሪያ እስከ አረቢያ የሚዘረጋው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው የሚገፋው። ነፋሱ ሌሊት ጸጥ ሲል፣ ሰማዩም ጥርት ሲል፣ ውርጩ ይገባል።

አገባቡን በቅርብ አይተሽው ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ማለዳ አንድ የባቄላ ማሳ ብታዪ፣ ተረተሩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው፤ ታች ወንዙ ዳር ያለው ግን ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙ ነጭ ሆኗል። ፀሐይ ስትነካው ነጩ ይሟሽሻል፤ ቅጠሉ ግን በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስል ይጠወልግና እስከ ምሽት ይጠቁራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጥማድ ስፋት እንኳ ላይሞላ ይችላል። የደብረ ብርሃን ሜዳ፣ የበሬሳ ወንዝ ዳርቻ፣ በውርጭ የሚታወቁት ስለዚህ ነው። ከእነሱ ከፍ ብሎ ያለ ተዳፋት አንዳንዴ ይሻላል። ከፍ ባልሽ ቁጥር ይበርዳል የሚለው ነገር በእንዲህ ያለ ሌሊት አይሠራም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ነው። ሬዲዮው «የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 3 ዲግሪ ነበር» ይላል፣ ገበሬው «ታዲያ ማሳዬን ምን አቃጠለው?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጣቢያው ቴርሞሜትር ነጭ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ጸጥ ባለ ጥርት ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ከዚያ በ3 እና በ4 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። 3 ዲግሪ ከሰማሽ ቅጠሉ ላይ ዜሮ ደርሷል ብለሽ አስቢ።

አሁን ኤልኒኖ። በኤልኒኖ ዓመት፣ በተለይ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አብሮ ሲሞቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር እርጥበት ወደኛ ይገፋል። ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ይጠግባል። ደመናው አንዳንዴ እስከ ሸዋ ደጋ ይደርሳል። ደመና ካለ ጋቢው አለ፤ ውርጭ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2019 የህንድ ውቅያኖስ በዚህ መልክ ክፉኛ ሞቆ ነበር። ላኒና ሲሆን በአንጻሩ በጋው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ የውርጭ ሌሊት ይበዛል። እስከዚህ ድረስ ግምትሽ ትክክል ነው።

ግን አባትሽ ባቄላውን የሚዘራው መቼ ነው? ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ። ኤልኒኖ ከሁሉ በላይ የሚመታው ደግሞ ክረምቱን ነው። በኤልኒኖ ዓመት የሰኔ ዝናብ ይዘገያል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ይኸው ነው። ክረምቱ ዘገየ፣ ከዚያም ተቆራረጠ። በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ሰሜን ሸዋም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ዝናቡ በሦስት ሳምንት ዘገየ እንበል። ዘሩ በሦስት ሳምንት ይዘገያል። መስከረም ላይ አበባ መጣል የነበረበት ባቄላ ጥቅምት ላይ ያብባል። ጥቅምት ላይ ፍሬ የሚሞላው ኅዳር ላይ ይሞላል። ገብሱም እሸት ላይ ሳለ ውርጩ ይደርስበታል። ከላይ የጠቀስኩት ደመና ውርጩን ከአሥር ሌሊት ወደ አራት ቢያወርደው እንኳ፣ ሰብሉ ለጋ ሆኖ ከጠበቀ አንዷ ሌሊት ትበቃዋለች። ደንበኛ ዓመት ላይ ግን ውርጩ ቢበዛም ፍሬው ጠንክሮ ስለሚጠብቀው ብዙም አይጎዳውም። ውርጩ ስንት ሌሊት ወረደ ከሚለው ይልቅ ሰብሉ ምን ላይ ሳለ አገኘው የሚለው ነው ጎተራውን የሚወስነው። ኤልኒኖ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይነጥቃል የምለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛም አለ። ያ የኅዳር ደመና ዝናብ ካወረደ፣ የታጨደው ነዶ መሬት ላይ ነው፣ ክምሩ አውድማ ላይ ነው። ከውርጭ የተረፈው ሰብል በዝናብ ይበሰብሳል። መንዝ ላይ ኅዳር ዝናብ ሲያሸት ሰው የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

በልግ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። በአገር ደረጃ በልግ ከዓመቱ ምርት ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። በመንዝ፣ በጣርማበር፣ በአንኮበር ደጋ ግን ለብዙ ቤት ዋናው እሱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ክረምቱ ይበርዳል፣ ውሃ ይተኛል፣ ጠጠር በረዶ ይመታል፣ በመጨረሻም ውርጭ ይጠብቃል። ስለዚህ ገብሱ በጥርና በየካቲት ተዘርቶ ሰኔ ላይ ይታጨዳል።

የበልግ ዝናብ እርጥበቱ ከምሥራቅ ነው፤ ከአረቢያ ባህርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል። ሽቅብ ገፍቶ ከጣርማበርና ከአንኮበር ገደል ጋር ሲጋጭ ይነሳና ደመና ይሆናል። ከደብረ ሲና ስትወጪ ዋሻው አፍ ላይ የሚቀበልሽ ጉም ያው እርጥበት ነው። የገደሉ ጫፍ ላይ ያሉት ወረዳዎች በልግ የሚያገኙት፣ ወደ ምዕራብ መርሐቤቴና እንሳሮ በኩል ግን በክረምት ላይ የሚተማመኑት ስለዚህ ነው።

እርጥበቱ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚያነሳው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የወንድምሽ ጄት ስትሪም ይመጣል። የዚያው የምዕራብ ነፋስ ዘመድ በሰሜን አፍሪካና በአረቢያ ላይ ያልፋል። አንዳንዴ ይታጠፍና ከሜዲትራኒያን ቀዝቃዛ አየር ወደ ቀይ ባህር ያወርዳል። ይኸው እጥፋት በሊባኖስና በኢየሩሳሌም ተራሮች ላይ በረዶ የሚጥል ዓይነት ነው። ጫፉ ወደ ደቡብ በደንብ ከወረደ ከአረቢያ ባህር የመጣውን እርጥበት በኛ ደጋ ላይ ያነሳዋል፣ ይዘንባል። ቤይሩት አጠገብ ተራራው ሲነጣ መንዝ ላይ የበልግ ደመና ሊያንዣብብ ይችላል። በየካቲትና በመጋቢት የመካከለኛው ምሥራቅን የአየር ዜና መከታተል የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሌ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ደስ ይላል።

ኤልኒኖ ይህን ነፋስ ያበረታዋል፣ ወደ ደቡብም ይስበዋል። ስለዚህ በአብዛኛው በልጉ ይሻላል። ላኒና ያዳክመዋል። በ1991 ዓ.ም. እና በ2000 ዓ.ም. በልግ የቀረው በላኒና ጊዜ ነው። እዚህም ግን «አብዛኛው» የምትለዋን ቃል አትዝለያት። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ ገና እያቆጠቆጠ ሳለ በልጉ በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ደካማ ነበር። በቀጣዩ፣ በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደግሞ በልጉ ዘግይቶ መጣና በብዙ የአገራችን አካባቢ ጎርፍ ሆነ። ኤልኒኖው አንድ ነው። ልዩነቱ ዕድሜው ነው፤ በልግ የሚያገኘው ጀማሪ ኤልኒኖ ነው ወይስ ጎልምሶ ሊሰናበት ያለ? ሁለተኛው ነው ለኛ የሚበጀው።

አንድ ታሪክ አለ፣ ካላነሳሁት ይቆጨኛል። ይህ ሁሉ ሳይንስ የተጀመረው ከበረዶ ጥልቀት ነው። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 ብርቱ ድርቅና ረሀብ ነበር። የህንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ብላንፎርድ በ1884 እንዲህ አለ፦ ሂማላያ ላይ በብርዱ ወራት በረዶ ከበዛ የዚያ ዓመት የህንድ ዝናብ ይሳሳል። በዚህ ተመሥርቶ ትንበያ ጀመረ። ከ1904 ጀምሮ ቦታውን የያዘው ጊልበርት ዎከር «በረዶው ብቻ ምን ይበቃል» ብሎ የዓለምን የአየር ግፊት፣ ዝናብና ሙቀት መዝገብ ሰበሰበ። የዓባይንም ሙላት ጨመረበት፤ ማለትም የኛን ክረምት። ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነው ዛሬ ከኤልኒኖ ጋር የምናያይዘው የፓሲፊክ ግፊት መወዛወዝ የወጣው። ከላይ የጠቀስኩት የአትላንቲኩም ከእሱ ሥራ ነው። የሂማላያ በረዶ ምልክትነቱ ራሱ እንደታሰበው ጸንቶ አልቆየም። ያስጀመረው ፍለጋ ግን እኛ ጋ ደርሷል፤ የህንድ ዝናብና የኛ ክረምት ዛሬም በአብዛኛው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

ምድር እየሞቀች ውርጭ አይጠፋም ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሌሊቱ ሙቀት በእርግጥ ጨምሯል። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የዝቅተኛው ሙቀት አማካይ በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ እንደጨመረ ተመዝግቧል። ነገር ግን ጥርት ያለ ደረቅ ሌሊት እስካለ ድረስ ረባዳው ላይ ውርጭ አለ። በአማካይ ተስፋ አድርጎ ባቄላ መዝራት አይቻልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ወቅቱ ሳይገባ ትንበያ ያወጣል። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ በመቶኛ ነው የሚያስቀምጠው። ያለፉ ተመሳሳይ ዓመታትንም ይመርጣል። አባትሽ ይህን ከልማት ሠራተኛው ሲሰማ «ዘንድሮ ኤልኒኖ አለ ወይ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። ክረምቱ ይዘገያል ተብሏል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ይዘገያል ከተባለ ቶሎ የሚደርስ የገብስ ዘር ይፈልግ። ባቄላውን ወደ ተረተሩ ያውጣው። ረባዳውን ለሣር ቢተወው ይሻላል፤ የመንዝ በግ ሣሩን አይጠላም።

ለዕለቱ ሌሊት ደግሞ ፓሲፊክ ምንም አይነግርሽም። የምታዪው ሰማዩን ነው። አመሻሽ ላይ ደመና ከሌለ፣ ነፋሱ ከሞተ፣ ቀኑም ደረቅ ከነበረ ተጠንቀቁ። ስልክሽ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የጤዛ ነጥብ የሚል ቁጥር ካሳየሽ እሱን እዪ፤ ወደ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሌሊቱ ክፉ ነው። መስኖ ካለ ቀን ላይ ማሳውን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ቀን ሙቀት ያጠራቅምና ሌሊት ይመልሳል። ደረቅ ጓል ይህን አይችልም። ጭድ እያጨሱ ማደር ግን የሚባለውን ያህል አይጠቅምም። ከመሬት የሚያመልጠውን ሙቀት ጭሱ አያግደውም። የሚረዳ ነገር ካለ እሳቱ አየሩን ማማሰሉ ነው፤ ለዚያም ብዙ ትናንሽ እሳት በማሳው ዙሪያ መበተን ይሻላል እንጂ አንድ ትልቅ ክምር ማቃጠል ጭድ ማባከን ነው። ጭዱ ለከብቱ ይቆይለት፤ ክረምቱ ከዘገየ ይፈለጋል።